እሳት የሠራው ዋሻ

በዚህ ወር ልንጽፍ አስበን የነበረው ስለ ክረምት ልብስና ስለ ልጆች ጉንፋን ነበር፤ ነገር ግን በበዓለ ሃምሳ ከቤተሰባችን ጋር ያደረግነው አንድ ጉዞ ሐሳባችንን ሁሉ ስለ ወሰደው፥ ጉንፋኑን ለሚመጣው ጊዜ አቆይተን ይህን እንድናጫውታችሁ ፍቀዱልን።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ከትንሣኤ በኋላ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን በደወለ ጊዜ፥ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዞ፥ ሴንት ሄለንስ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ሥር ወደሚገኝ ዋሻ ገብቶ እንደ ነበር አጫወተን። ይህ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1980 ፈንድቶ 57 ሰዎች የሞቱበት ነው። ዋሻው ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ሲሆን፥ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ትቶት የሄደ፥ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ቧንቧ ነው። ኤፕ ኬቭ ይሉታል፤ የዝንጀሮ ዋሻ እንደ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ግን ከእንስሳው ሳይሆን፥ ዋሻውን በመጀመሪያው ዘመን ከመረመሩት የወጣቶች እስካውት ቡድን መጠሪያ ነው።

ወንድማችንን ያስደነቀው፥ በዚያ ዋሻ ውስጥ መብራት አለመኖሩና መሪም አለመመደቡ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ብርሃን ይዞ፥ በራሱ እግር ገብቶ፥ በራሱ ጊዜ ይወጣል። የታችኛው ክፍል ለሕፃናትም ቀላል ነው አሉ፤ የላይኛው ግን የወደቀ ቋጥኝ የሞላበትና፥ ቅልጡ ዐለት እንደ ፏፏቴ ወርዶ የረጋበት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግድግዳ የሚወጡበት ነው። ወንድማችን ከልጅነቱ ጀምሮ ቀላሉን ነገር ስለማይወድ የላይኛውን መረጠ። የያዘው አንድ ባትሪና ሁለት ስልክ ነበር። በዋሻው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ በጋ ከክረምት ከ5 እና ከ6 ዲግሪ አይበልጥምና፥ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ባትሪው ደከመ፤ የአንደኛው ስልክም ኀይል በብርዱ ተሟጠጠ። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ነጠላዋን አጣምራ እንደ ገመድ ለልጆቹ አስያዘቻቸውና፥ በቀረችው በአንዲቱ ስልክ ብርሃን ወደ ኋላ ተመለሱ። የሰባት ዓመቱ ልጅ እስኪወጡ ድረስ አቡነ ዘበሰማያትን እየደጋገመ ነበር አለን። እኛ ይህን ስንሰማ ሣቅን፤ እርሱ ግን አልሣቀም።

ልጆቻችን ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው ኖሮ፥ ወዲያው ጥያቄያቸውን አወረዱብን። ዐለት እንዴት ይፈሳል? ከፈሰሰስ እንዴት ዋሻ ይሆናል? እናታቸው በዚያን ሰዓት ገንፎ አውጥታ ነበርና ሳህኑን አሳየቻቸው። ገንፎው ከላዩ ነፋስ ሲያገኘው ይቆረፍዳል፤ ሥሩ ግን ያቃጥላል። ቅልጥ ዐለትም፥ ይልቁንም ቀጭኑ ዐይነት፥ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ እንደ ወንዝ ሲወርድ ላዩ ቶሎ ቀዝቅዞ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ የውስጡን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ስለሚጠብቅለት፥ ከሥር ያለው መፍሰሱን አያቋርጥም። ከምንጩ የሚመጣው በቆመ ጊዜ የቀረው ቁልቁል ወርዶ ያልቅና ባዶው ቧንቧ ይቀራል። በሃዋይ ደሴት ካዙሙራ የሚባለው ዋሻ በዚህ አኳኋን ተሠርቶ ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በጎረቤታችን በኬንያም ቹሉ በሚባሉት ኮረብታዎች ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አለ።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃችን ይህን ከሰማ በኋላ «ታዲያ በእኛ አገር የለም?» ብሎ ጠየቀ። በእውነቱ ይህ ጥያቄ አሳፈረን፤ ምክንያቱም እኛ የሐዋሳ ሰዎች የምንኖረው በእሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ ነው። የምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ሐይቃችን የተኛበት ሰፊ ጎድጓዳ በጥንት ዘመን ታላቅ እሳተ ገሞራ ሆዱን አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ የተደረመሰበት ስፍራ ነው። በስተሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ ኮርቤቲ የተባለው ሌላ ድርምስ አለ፤ በውስጡም ኡርጂና ጫቢ የሚባሉት ተራሮች ቆመዋል። ልጆቻችንን ለመታጠብ የምንወስድበት የወንዶ ገነት ፍል ውሃ የሚሞቀው በዚሁ እሳት ነው። ጠዋትና ማታ የምናያቸው ነገሮች ስለ ሆኑ ስለ እነርሱ ለልጆቻችን አንዲት ቃል ነግረናቸው አናውቅም ነበር።

ይሁን እንጂ በከተማችን ዙሪያ እንደ ቧንቧ ያለ ዋሻ ፈልጎ መድከም አያስፈልግም። የኮርቤቲ ቅልጥ ዐለት ወፍራም ዐይነት ነው፤ እንደ ዘይት አይፈስም፥ እንደ ሊጥ ተጎትቶ ይቆማል እንጂ። ስለዚህ የሚሰጠን ቧንቧ ሳይሆን ባልጩትና አመድ፥ በውሃም ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ ነው። በአገራችን ቀጭኑን ቅልጥ ዐለት ለማየት የሚሻ ሰው እስከ አፋር፥ እስከ ኤርታ አሌ ድረስ መሄድ አለበት፤ ያም ከአያት ጋር የሚደረግ ጉዞ አይደለም። ብዙ ከጠየቅን በኋላ፥ በአንድ ቀን ደርሰን የምንመለስበት፥ በእሳተ ገሞራ ዐለትም ውስጥ የሚገኝ አንድ ዋሻ ተገኘልን፤ ይኸውም በወላይታ በዳሞታ ተራራ ጎን ያለው ሞቼና ቦራጎ ነው።

አያታቸው አስቀድመው አልተስማሙም። «ዋሻ አባቶች በዓት የሚያበጁበት ነው፤ ለሽርሽር ዋሻ የሚገባ ማን አለ?» አሉ። ቤተ ልሔም ዋሻ ናት፤ ነቢዩ ኤልያስም የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው በዋሻ ደጃፍ ቆሞ ነው፤ ስለዚህ ነገራቸውን ልንከራከረው የሚቻል አልነበረም። ነገር ግን የዳሞታን ስም በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ውስጥ ጻድቁ ወደ ዳሞት ወርደው ንጉሡን ሞተለሚን እንዳሳመኑት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል፤ የወላይታ ሰዎችም ሞቶሎሚን ከቀደሙት ነገሥታቶቻቸው ይቆጥሩታል። «እንግዲያስ እኔም እመጣለሁ» አሉ፤ አገልግሉንም ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው።

ከዕርገት በዓል በኋላ በመጣችው ቅዳሜ፥ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ከሐዋሳ ተነሣን። በሻሸመኔ አድርገን፥ ሃላባ ላይ ቁርሳችንን በልተን፥ ብላቴን ተሻግረን ረፋድ ላይ ሶዶ ገባን። ዳሞታ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፤ ከተማይቱ በእግሩ ሥር ተንተርሳ ተኝታለች። በዚያ አንድ ጨዋ ወጣት መንገዱን ላሳያችሁ ብሎ ጠየቀን። እኛ ግን የወንድማችን ጨዋታ በልባችን ስለ ነበረ፥ ያለ መሪ በራሳችን መሄድ እንደ ቁም ነገር ታይቶን አመስግነን አሰናበትነው። ሦስት ባትሪ ይዘን ነበር፤ አንዱን እንኳ አላበራነውም።

ምክንያቱም ሞቼና ቦራጎ ጨለማ አይደለም። እንሰትና የእርሻ ማሳ የሞላባትን ቁልቁለት አልፈን ስንደርስ ያየነው፥ አፉ ወለል ብሎ የተከፈተ፥ ወርዱ ከ50 ሜትር በላይ የሚመስል ታላቅ የዐለት ጥላ ነው። ከላይ ከጣራው ጠርዝ ቀጭን ውሃ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ልጆቹ የጠበቁት ጠባብ ቧንቧ ስለ ነበረ ለጥቂት ጊዜ ቅር አላቸው፤ ግን ብዙም ሳይቆዩ ድምፃቸው ከዐለቱ ተመልሶ ሲመጣ ሰምተው ቅሬታቸውን ረሱት። አያታቸው በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ሺህ ሰው ያስቀድስበታል» አሉ።

በዚህ ስፍራ ቀድመው ፈረንሳውያን ሊቃውንት ቆፍረዋል፤ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር በስቲቨን ብራንት መሪነት ሰፊ ቁፋሮ ተደርጓል። ያገኙትም የምድጃ ከሰልና አመድ፥ እጅግ ብዙ የባልጩት መሣሪያም ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ የሠራው መስተዋት ነው፤ ሲፈለጥ ከምላጭ የሚስል ስለት ይወጣዋል። በደቡብ አገራችን ቆዳ ፋቂዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ በባልጩት ሲፍቁ ታይተዋልና፥ ይህ ጥበብ ከዚያ ዋሻ እስከ ጎረቤቶቻችን ደጅ የደረሰ ነው ማለት ይቻላል። ትንሿ ልጃችን አንዲት ጥቁር ስንጣሪ አንሥታ በኪሷ ልትከት ስትል አየናትና አስመለስናት። ለሊቅ የድንጋዩ ጥቅም ራሱ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ የተኛበት ስፍራና የተኛበት አፈር ነው፤ ከዚያ ከተነሣ እንደ ማንኛውም ጠጠር ይሆናል። አለቀሰች፤ ግን መለሰችው።

ልጃችን ግን ስለ ስፍራው አስቀድሞ አንብቦ ነበር። ሊቃውንቱ የታችኛው ምድጃ ከሰል ከ50,000 ዓመት በላይ እንደ ሆነው መዝግበዋል። ልኩንም ያወቁት እንዲህ ነው፤ በሕይወት ያለ እንጨት ሁሉ ከአየር የሚወስደው አንድ ዐይነት ካርቦን አለ፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ያ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየጎደለ ይሄዳል፤ የቀረውን ለክተው ዘመኑን ያሰላሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ ከዘረዘረልን በኋላ፥ «በሰንበት ትምህርት ቤት ግን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዘመን ነው ተብለን ተምረናል። የትኛው ነው እውነቱ?» አለን።

አያቱ በዚያ ተቀምጠዋል፤ ሁለት የአገሩ እረኞችም ቆመው ያዩናል። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ የምንመልሰው ስላልነበረን ተቈጣነው። «ይህ የድፍረት ጥያቄ ነው፤ ዝም በል» አልነው። ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ዝምታ ያያችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ልጁ መልሱን አገኘሁ ብሎ ሳይሆን፥ ከእነዚህ ሰዎች መልስ አይገኝም ብሎ ዝም የሚለው ነው።

ነገሩን ልናስተካክል ጊዜ ሳናገኝ ሰማዩ ጠቈረ። በተራራው ራስ ላይ ቀድሞ ዘንቦ ኖሮ፥ ያ እንደ መጋረጃ የነበረው ቀጭን ውሃ ወፍሮ ማጓራት ጀመረ። ቶሎ እንውጣ ብለን የመጣንበትን መንገድ ብንይዝ ጭቃው እንደ ሳሙና ሆነ፤ መንገዱም ለሁለት ተከፍሎ የመጣንበትን ለየን ለማለት አልቻልንም። አያታቸው አንድ ጊዜ ተንሸራትተው በጉልበታቸው ወደቁ። በዚህ ጊዜ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚሆን አንድ የአገሩ ገበሬ ከእርሻው ወጥቶ ደረሰልን። «እማማ፥ እጅዎን ይስጡኝ» ብሎ ደገፋቸው፤ ለእኛ ደግሞ ወደ ቀኝ የሚሄደው ወደ ገደል መሆኑን በዘንጉ አመለከተን። ሰባት ሰው በአንድ አሮጌ ሰው ኋላ ተሰልፎ ወረደ። ከታች ስንደርስ ላመሰግን ብንል፥ «ዝናብ ሲኖር ጣራው ድንጋይ ይጥላል፥ ውሃውም ይወርዳል። አስቀድማችሁ ብትጠይቁን ኖሮ ዛሬ አትውጡ እንላችሁ ነበር» አለን። የሰጠነውን ገንዘብ ተቀበለ፤ ተገቢም ነበር። ያን የሶዶ ወጣት አስታወስነው፤ ስለ ወንድማችን መሣቃችንም ትዝ አለን።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ወደ ቤት ጠራናቸው፤ የአያትየውን ጉልበት ሊጠይቁ መጡ። ልጁ ጥያቄውን እንዲያቀርብ ነገርነው። አባታችን አስቀድመው «ወላጆችህ ምን አሉህ?» ብለው ጠየቁት። «ዝም በል አሉኝ» አለ። እርሳቸውም አንድ ጊዜ ወደ እኛ ተመለከቱ፤ ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ አላስፈለገንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት በሐሳቡ እንዲህ ነበር። ለአዳም የተገባለት ቃል ኪዳን «በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ» የሚል ነው፤ ቀኑም ሺህ ዘመን ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን 5,500 ብላ ስትቆጥር፥ የምትቆጥረው የሰው ልጅ አዳኙን የጠበቀበትን ዘመን ነው፤ በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ይህን የምታሰማን ተስፋው እንደ ተፈጸመ እንድናስብ ነው። «ድንጋይና ከሰል ስለሚመዝኑበት ጥበብ እኔ አልተማርሁም፤ ያልተማርሁትን ልንገርህ ብል እዋሻለሁ። አንተ ግን ተማረው፤ በደንብ ተማረው» አሉት። ልጁ በዚህ አልረካም። «ሁለቱ የሚገናኙት የት ነው?» አለ። «እርሱን ስታድግ መጥተህ አንተ ትነግረኛለህ» አሉት፤ የቀረበላቸውንም ቡና ጠጡ።

ይህ መልስ የማይበቃው አንባቢ እንዳለን እናውቃለን፤ ቁጥሩ እንደ ቃሉ ይያዝ የሚልም፥ በተቃራኒው ካህኑ የበለጠ ሊናገሩ ይገባ ነበር የሚልም ደብዳቤ ይደርሰን ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን «አልተማርሁም» የሚል ካህን ከልጁ ዘንድ ያተረፈው ክብር፥ «ዝም በል» ብለን እኛ ካጣነው እጅግ ይበልጣል። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ የባሕረ ሐሳብን ቀመር እያጠና ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ እያለ ምሳ ላይ ሲያሰላ ያስቸግረናል።

ወደ ዋሻ ለመሄድ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ጥቂት እንጨምር። ዋሻው ጨለማ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት መብራት ያስፈልጋል፤ ስልክ ከሦስቱ አንዱ ተብሎ አይቆጠርም፤ ወንድማችን ምስክር ነው። ውስጡ ከውጭ ይበርዳልና ለልጆች ሹራብ፥ ለእግርም የማያንሸራትት ጫማ ይያዝ። ወዴት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በቤት ለቀረ ሰው ንገሩ። የሌሊት ወፍ የበዛበት ዋሻ ውስጥ ልጆችን አታስገቡ፤ ኩሱ ሲቦን ለሳንባ አይበጅም፥ ከወፎቹም የሚተላለፍ ጽኑ በሽታ አለ። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ካያችሁ ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ከሁሉ በፊት ግን የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ጉልበታቸው ዳነላቸውና፥ አያታቸው አሁን ሌላ ጉዞ አስበዋል። በላስታ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፥ ካህንም ንጉሥም የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ዋሻ ውስጥ እንደ ቆመ ይታወቃል፤ ያም ዐለት ጥንት ከምድር ሆድ የፈሰሰ ነው። ግንቡ አንድ ረድፍ እንጨት፥ አንድ ረድፍ በነጭ የተመረገ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ሲሆን፥ በስተኋላው በዚያ ያረፉ ሰዎች ዐፅም ተከማችቶ ይታያል። ከሐዋሳ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ከመስቀል በዓል በኋላ እንድንሄድ ወስነዋል፤ በዚህ ቤት እርሳቸው የወሰኑት አይመለስም። ልጁ የሦስቱን መብራት ሕግ ሲያስታውሳቸው፥ «ሁለቱን ባትሪ እናንተ ያዙ፤ ሦስተኛው ጧፍ ነው፥ እርሱን እኔ እይዛለሁ» አሉት።